እስከ ክርን ያልቆፈርኩት እንጨት

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ እስካሁን ግን እንጨት ሳላንኳኳ አልደገፍም። ሰው ቤት ስጋበዝ ወንበሩን፣ ለቅሶ ስሄድ የድንኳኑን ምሰሶ፣ ቤተ ክርስቲያን ስገባ መቃኑን በጣቴ ሁለት ሦስቴ ቆርቆር አደርጋለሁ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ‹‹ሰው በር ያንኳኳል፣ አንተ መቃን ታንኳኳለህ፤ የሚከፍትልህ ማን ነው?›› እያለች ትስቅብኛለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ስቄ ስጨርስ ግን ጆሮዬን ጠጋ አድርጌ አዳምጣለሁ፤ በውስጡ ሊኖሩ የሚችሉትን አውቃቸዋለሁና እፈራለሁ።

ሠላሳ ዓመት ገደማ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበርኩ። ከክብረ መንግሥት ወደራ፣ ከወደራ ነገሌ፣ ከነገሌ ፊልቱ የተዘረጋውን ሽቦ ተሸክመው የቆሙትን እንጨቶች እየዞርኩ መርምሬያለሁ፤ አብዛኞቹ ላይም ወጥቻለሁ። ዛሬ ሁሉም ተነቅለው አልቀዋል። ሰው ስልኩን በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ማማውም ብረት ነው፤ ምስጥ ደግሞ ብረት አይበላም። ሌላው ሥራው ሲጠፋበት ያዝናል፤ እኔ የመጨረሻው እንጨት ሲነቀል ቆሜ አየሁና እፎይ አልኩ።

ያደግሁት ነገሌ ካምፕ አጠገብ ነው። አባቴ ከወሎ የመጣ የአሥር አለቃ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ እሱ ሥራ ፈትቶ ቤት ዋለ፤ እኔ ደግሞ በዓመቱ ክብረ መንግሥት በጉልበት ሠራተኝነት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለጎመንና ለኪራይ ይበቃ ነበር። ክብረ መንግሥት ብርድና ጭጋግ ነው፤ እንጨቱ ቢበላሽም በዝናብ በስብሶ ነው፤ የበሰበሰ እንጨት ደግሞ መበስበሱን አይደብቅም፣ ይሸታል፣ ይሻግታል፣ ሲነኩት ይረግፋል። እዚያ ሳለሁ ከፍታ አያስፈራኝም ነበር። ፍርሃቱ የጀመረኝ ወደ ወደራ ተዛውሬ ቀዩ አፈር ላይ ስወርድ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠውን ኩይሳ ሳይና ከኦቦ ቦሩ ጋር ስመደብ ነው።

ኦቦ ቦሩ ቦረና ናቸው። ያኔ ሃምሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ እንጨት ላይ የኖሩ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን መውጫ ብረቴን ጫማዬ ላይ አስሬ፣ ቀበቶዬን ታጥቄ ወደ እንጨቱ ስሄድ በአንገት ልብሴ ይዘው አስቆሙኝ።

‹‹ያ ደጀኔ፣ ወዴት ነው?›› አሉ፤ ‹ያ› በኦሮምኛ አንተ ብሎ መጥሪያ ነው።

‹‹ልወጣ ነው፣ ኦቦ።››

‹‹ሰላም ሳትለው?››

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን እንጨቱ ሥር ቁጢጥ አሉና መዳፋቸውን አስቀምጠው ‹‹አካም ቡልቴ?›› አሉት፤ እንዴት አደርክ እንደማለት ነው። ከዚያ በመዶሻ እጀታ ጉልበት ላይ አንድ፣ ወገብ ላይ አንድ፣ ራስ ላይ አንድ መቱትና ጆሯቸውን ለጠፉ። ትንፋሻቸውን ይዘው ቆዩ። በመጨረሻም መሬቱን በአንካሴ ዙሪያውን እየፈነቀሉ፣ እጃቸው እስከ ክርን እስኪገባ ድረስ ቆፈሩ፤ አፈር ቆንጥረው አሸተቱ።

‹‹ና፣ አሽትት። ምን ይላል?››

‹‹አፈር አፈር ይላል።››

‹‹ዝናብ ከጠፋ ስንት ወሩ ነው? ይሄ አፈር ለምን ራሰ?››

ምስጦቹ ከጥልቁ ውሃ በአፋቸው እያመላለሱ፣ ከአፈር እየለወሱ ወደ እንጨቱ የተሸፈነ መንገድ እየሠሩ መሆናቸውን ነገሩኝ። በበጋ እርጥብ ጭቃ ያገኘህበት እንጨት ላይ አትውጣ አሉኝ። ‹‹የተቀባውን ሬንጅ የሚጠጣው የእንጨቱ ቆዳ ነው፤ ልቡ ድረስ አይገባም። እነሱ ደግሞ ቆዳውን ይተውልሃል። ላዩን ስታየው ጎበዝ ነው፤ ውስጡን ለቄስ።››

ቡድናችን አንድ ሕግ ነበረው፤ በወረቀት የተጻፈ ሳይሆን በእሳቸው የቆየ። የመረመረ ሰው እንጨቱን ነጭ ቀለም ይቀባል፤ የቀባ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይወጣል። ‹‹ቀለም ርካሽ ነው፤ አንተ ካልወጣህበት ቀለም ብቻ ነው›› ይሉ ነበር።

የእውነት የፈራሁት ግን ኩይሳ የከፈትን ቀን ነው። ከወደራ ወደ ነገሌ በሚወስደው መንገድ አንድ ትልቅ ኩይሳ አሥራ አንድ እንጨት በልቶብን፣ ንግሥቲቱን አውጥታችሁ ግደሉ ተብለን ታዘዝን። ዋርዮ የሚባል የእኔ እኩያ አብሮን ነበር፤ እንጨት ላይ ሆኖ ለግመል የሚዘፈነውን የሚያንጎራጉር፣ ሳቂታ የሊበን ልጅ። በዶማ አንዱን ጎን ሲንደው ኦቦ ቦሩ ‹‹በቃ፣ አቁም፤ መጀመሪያ እዩ›› አሉን። ማን ምን እንደሚሠራ ሳያዩ እጅ ማስገባት የሰነፍ ሥራ ነው ይሉ ነበር።

ቀዳዳው ላይ የነበሩት ትንንሾቹ ሠራተኞች ወዲያው ጠፉ። ከውስጥ ደረቅ ጤፍ በወንፊት እንደሚነፋ ያለ ድምፅ መጣ። ‹‹ወታደሮቹ ናቸው›› አሉ፤ ‹‹ራሳቸውን ከግድግዳ እየመቱ ነው። ቤታችን ተሰበረ እያሉ ነው።›› ጥቂት ሳይቆይ ቀይ ራሳቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ወታደሮች ወጥተው በቀዳዳው ዙሪያ ክብ ሠሩ፤ መንጋጋቸውን ከፍተው ወደ ውጭ፣ ወደ እኛ ዞሩ። ዓይን የላቸውም። አንዱ አውራ ጣቴን ያዘኝ፤ ስጎትተው አካሉ ተበጠሰና ራሱ ጣቴ ላይ ቀረ፤ ደሜ ወረደ።

ከወታደሮቹ ጀርባ ሠራተኞቹ ተመለሱ። እያንዳንዱ አንድ ቅንጣት እርጥብ አፈር በአፉ ይዞ ይመጣል፣ ጠርዙ ላይ ይለጥፋል፣ ይመለሳል። የሚያዝዝ አይታይም፤ የሚጋጭም የለም። ሌሎቹ መንጋጋቸው ለመዋጊያ ብቻ ሆኖ በራሳቸው መብላት ለማይችሉት ለወታደሮቹ በአፋቸው ምግብ ያቀብላሉ። ቀዳዳው ጠበበ፣ ጠበበ፣ ከዚያ ተዘጋ። ውጭ የቀሩት ወታደሮች እንደቆሙ ነበሩ።

‹‹እነዚህስ? በየት ይገባሉ?›› አልኩ።

‹‹አይገቡም›› አሉ ኦቦ ቦሩ። ‹‹በራቸው ተዘጋ። እዚሁ ጉንዳን ይበላቸዋል።››

ዋርዮ ሳቁን አቆመ። ‹‹ወንድሞቻቸው ዘጉባቸው ማለት ነው? ዋቃ! እኔ ብሆን በሩን እየነከስኩ እገባለሁ።››

ቀኑን ሙሉ ቆፍረን ንግሥቲቱን አገኘናት። እንደ አመልካች ጣት የወፈረች፣ በማትወጣበት የሸክላ ክፍል ተዘግታ የምትኖር ነች፤ ባሏ ከጎኗ አለ፤ ሞግዚቶቹ የምትጥለውን እንቁላል እየተቀባበሉ ይወስዳሉ። ከክፍሏ አጠገብ የእንጨት ድቃቂ ላይ ነጭ ሻጋታ የሚያበቅሉበት እርሻቸው አለ፤ የእኛ የስልክ እንጨት የሚገባው እዚያ ነበር። ገደልናት። በቀጣዩ ክረምት የመጀመሪያው ዝናብ እንዳባራ ከየመሬቱ ስንጥቅ አሸን ፈላ፤ ክንፋም ሁሉ፣ እያንዳንዷ ጥንድ አዲስ ቤት ልትቆረቁር። ሰው ልብሱን እያራገፈ ይስቃል፤ እኔ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲያ እንጨት ላይ በወጣሁ ቁጥር ከሆዴ ሥር፣ ከቆዳው ወዲያ፣ ያ የወንፊት ድምፅ ያለ ይመስለኝ ጀመር። ላቤ እያንጠባጠበ እወጣ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ የወታደር ልጅ ነኝና ፈሪ መባል ሞት መሰለኝ።

ነገሌ ስንዛወር ኃላፊያችን ወረቀት ብቻ የሚያምን ሰው ነበር። አንድ ጊዜ ኦቦ ቦሩን ‹‹የምስጡ ብዛት በግምት›› የሚል ሣጥን ያለበት ቅጽ ሰጥቷቸው ‹‹ከእኔና ከአንተ ዘመዶች ይበልጣሉ ብለህ ጻፍ›› ብለውት አንድ ሳምንት አኩርፏል። የኦቦ ቦሩ ጆሮ እየደከመ ሲሄድ ጡረታ ወጡ፤ መርማሪነቱ ለእኔ ተሰጠኝ። መዶሻቸውን ሲያስረክቡኝ ‹‹ጆሮህ ቢዋሽህ እጅህ አይዋሽም። እስከ ክርን ቆፍር፣ ኢልማ ኮ›› አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። መሾሜን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ አባቴም ደስ አለው። ኃላፊነት ያለበት ሰው የሚፈራ አይመስልም፤ እኔም እንዳልመስል በጣም ተጠነቀቅሁ።

ይኼ ከሆነ ስድስት ወር ሳይሞላው ነው የፊልቱ መስመር የተቋረጠው። ከተማው ስልክ አጥቶ ኃላፊውን ከላይ እየተቆጡት ነበር፤ ያንን ቁጣ እንዳለ ወደ እኛ ወረወረው። መኪናው እኔንና ዋርዮን ጎድጓዳው ሜዳ ላይ አውርዶ ሽቦ ሊያመጣ ወደ ነገሌ ተመለሰ። ሽቦው ተበጥሶ የተንጠለጠለበት እንጨት ሥር አሮጌ ኩይሳ ነበረ፤ ግማሹ ፈርሷል፤ በእንጨቱና በኩይሳው መካከል የክንድ ውፍረት ያለው ጉድጓድ አለ። ግመል የሚነዱ አንድ ሽማግሌ እያለፉ ቆም ብለው፣ አንገቱን የሚነፋው ጥቁር እባብ ጠዋት እዚያ ሲገባ እንዳዩ ነገሩንና ሄዱ።

ዋርዮ ሽቦውን ሊያስተካክል ራቅ ብሎ ነበር። እኔ እንጨቱን በመዶሻ ጉልበቱን፣ ወገቡን፣ ራሱን መታሁ። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ሰማሁ። አሁን ምንም አልደብቅም፤ ሰማሁ፤ ያ ወንፊት ነበረ። ንፋሱ ሽቦውን እየመታ ነው አልኩ ለራሴ። ከዚያ መቆፈር ነበረብኝ። አንካሴውን ይዤ ጉድጓዱን አየሁ፤ ጉድጓዱም ያየኝ መሰለኝ። ከሩቅ አንዴ ወጋ አደረግሁ፤ ጫፉ ላይ የመጣውን አፈር ዋርዮ ሳያይ በሱሪዬ ጠረግሁት፤ እርጥብ ነበር። ብሩሹን አውጥቼ ነጩን ቀለም በእንጨቱ ዙሪያ ቀባሁ።

የቀባ ይወጣል። ‹‹የመውጫ ብረቴ ማሰሪያ ተበጠሰ›› አልኩት ዋርዮን፤ ማሰሪያውን ራሴ ነበርኩ በቢላ የቆረጥኩት።

‹‹ታዲያ ምን ችግር አለ? እኔ እወጣለሁ›› አለ፤ ቀለሙን ዳሰስ አድርጎ። ‹‹ደርቋል?››

‹‹አልደረቀም›› አልኩ።

እየዘፈነ ወጣ። ላይ ደርሶ ቀበቶውን አሰረ፣ ሽቦው የሚታሰርበትን ነጭ የሸክላ ስኒ ፈታ፣ የቀረውን ሽቦ በጉጠት ቆረጠ። እንጨቱን ይዞት የነበረው ያ ሽቦ ብቻ ነበር። ድምፅ እንኳ ብዙ አላሰማም፤ እንጨቱ ከቁርጭምጭሚቱ ተቆርጦ ተኛ፤ ዋርዮ ከነቀበቶው ታስሮ አብሮት ወረደ።

እየሮጥኩ ደረስኩ። ይተነፍሳል፤ ዓይኑ ግን ተከድኗል፤ ዳሌው ተጣሟል። ቀበቶውን ቆርጬ ግራር ጥላ ሥር ጎተትኩት፤ ስሙን ጠራሁ፤ አልመለሰልኝም። ዞሬ እንጨቱን አየሁ። ቆዳው ብቻ ነበር፤ ውስጡ በጭቃ ተሞልቷል፤ በስብራቱ ላይ ወታደሮቹ ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ ከጀርባቸው ሠራተኞቹ እርጥብ አፈር እየለጠፉ ነበር። ሰው ተሰብሮ ወድቋል፤ እነሱ ቤታቸውን ይጠግናሉ።

የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው። ያኔ የመጣብኝ ሐሳብ ስለ ዋርዮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው በሆንኩ። የመጣብኝ ያልተቆፈረው መሬት ነው። መኪናው ሲመጣ ያዩታል፤ ኃላፊው ያየዋል፤ ኦቦ ቦሩ ይሰማሉ፤ አባቴ ይሰማል። አንካሴውን አንስቼ በጉቶው ዙሪያ መቆፈር ጀመርኩ። በእጄም ቆፈርኩ፣ እስከ ክርኔ። ወታደሮቹ እጄን ነከሱኝ፤ የእባቡ ጉድጓድ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር ነበር፤ እባቡን ያኔ አልፈራሁትም። ቆፍሬ ስጨርስ እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ወደ ዋርዮ ተመለስኩ። ዓይኑን ገልጦ ‹‹ቢሻን፣ ቢሻን›› ይላል። ከኮዳው ውሃ አጠጣሁት፤ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። መኪናው ሲደርስ የእንጨቱ ስብራት በጭቃ ተደፍኖ ነበር።

ሪፖርቱ ‹‹በእንጨቱ እርጅና የደረሰ አደጋ›› ተብሎ ተዘጋ። ኃላፊው ጉድጓዱን አይቶ ‹‹ደጀኔ እንኳን ቆፍሮ ያላወቀውን ማን ያውቃል?›› አለ። ዋርዮ ወራት ሆስፒታል ተኝቶ አንድ እግሩ አጥሮ፣ በክራንች ወጣ። ከከተማው ዳር ሚስትም ወንድምም ሳይኖረው ብቻውን፣ አራት ላሞች ይዞ ተቀመጠ።

እኔ በየእሁዱ መሄድ ጀመርኩ። ለላሞቹ ከኩሬው ውሃ አመጣለሁ፣ አጥር አጥራለሁ፣ ሐኪም ቤት አመላልሰዋለሁ። ሰው ‹‹እንዲህ ያለ ጓደኛ ከየት ይገኛል?›› ይለኝ ነበር። በየእሁዱ በሩ ላይ ስደርስ ዛሬ ያውቅ ይሆን እያልኩ ከመግባቴ በፊት ፊቱን አያለሁ። ዓይኔን ትንሽ ረዘም አድርጎ ካየኝ እንቅልፍ አጣለሁ። ኦቦ ቦሩ ሲያርፉም ቀብራቸው ላይ ቀና ብዬ ሳጥናቸውን ማየት አልቻልኩም። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እናቴም ከሞተች በኋላ ለማን እንደምፈራ አላውቅም ነበር። ብዙ ዓመት እንዲህ ሆነ፤ አንድም እሁድ አልቀረሁም።

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። እሁድ ሄጄ ውሃውን ቀዳሁ፣ እጄን ታጠብኩና ፊቱ ተቀመጥኩ።

‹‹ዋርዮ፣ ያንን እንጨት አልቆፈርኩትም ነበር። ማሰሪያዬንም ራሴ ነኝ የቆረጥኩት። ፈርቼ ነው።››

እሱ ከብት የሚነዳበትን ዘንግ በጣቱ አሽከረከረ።

‹‹ማሰሪያውን አላወቅሁም ነበር›› አለ። ‹‹መቆፈሩን ግን አይቻለሁ። ዓይኔን ስገልጥ እጅህን ጉድጓድ ውስጥ ከተህ ነበር። ቢሻን አልኩህ። ሦስቴ አልኩህ፣ ደጀኔ። አልሰማህም፤ እየቆፈርክ ነበር።››

‹‹ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልክ?››

‹‹መጀመሪያ ልናገር ነበር። ሆስፒታል ተኝቼ ለሊቀመንበሩም ለዳኛውም የምለውን አዘጋጅቻለሁ። ከዚያ አንተ መጣህ። በቀጣዩም እሁድ መጣህ። ብናገር ትታሰራለህ፤ ከታሰርክ ለላሞቼ ማን ውሃ ያመጣል? እኔ ማን አለኝ?›› ዘንጉን መሬት ላይ አስቀመጠው። ‹‹በየእሁዱ ስትመጣ ፊትህን አያለሁ፤ ፍርሃቱ አለ ወይ ብዬ። ሲኖር ደስ ይለኝ ነበር። ፍርሃቱ ከተወው መምጣቱን ይተዋል እያልኩ።››

ላሞቹ ያመጣሁትን ውሃ እየጠጡ ነበር።

‹‹አሁን ነገርከኝ›› አለ፤ ድምፁ እንደ ሽማግሌ ሳሳ። ‹‹ከእንግዲህ የምትፈራው የለህም። እሁድ ትመጣለህ?››

‹‹እመጣለሁ›› አልኩት። ፊቱን ሳይ እንዳላመነኝ ገባኝ፤ የሚያምንበትም ምክንያት አልሰጠሁትም።

ያንን ሳምንት ሰባቱንም ቀን ቆጠርኩ። እሁድ ከወትሮው ቀድሜ ወጣሁ። ገና የመንገዱ ጫፍ ሳልደርስ ከሩቅ አየሁት፤ ቤቱን ትቶ እስከ መንገዱ ዳር በክራንች መጥቷል፤ ፀሐዩ ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ የሚመጣውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ያይ ነበር።